ፋሲካ የሌለው ጾም

በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ትርጉማቸው ከተገለበጠ ቃላት አንዱ "ከሳህ" የሚለው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ልጅ ሳለሁ ብዙ ጊዜ ያልተያየ ዘመድ ሲገናኝ "ወፍረሃል፣ አምሮብሃል!" ከተባባለ ምርቃት ነበር። ቦርጭ ያወጣ ሰው ወይ ሹመት አለው፣ ወይ ሱቅ አለው። መክሳት ግን የችግር ስም ነው። የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ አጥንቱ የሚቆጠር ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለአገሩም ለዓለሙም አሳይተው አልፈዋል። እሱን ሳንረሳ ኤች አይ ቪ መጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በሰፈር ውስጥ "እገሌ ከሳ" ከተባለ ወሬው የሚተላለፈው በሹክሹክታ ነበር፤ ሰውየው ሳይሞት ለቅሶው ይጀመርበታል።

በቀደም ልደታ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ሁለት ወጣት ሴቶች ተገናኝተው አንደኛዋ፣ "ውይ ስትከሺ! ምን አድርገሽ ነው? እባክሽ ንገሪኝ" ስትል ሰማሁ። ድምጿ ውስጥ ቅናት እንጂ ሐዘን አልነበረም።

ስፖርቱም እንደዚሁ ነው የተለወጠው። በእኛ ጊዜ "ብረት ያነሳል" የሚባለው ጎረምሳ ሁለት የዱቄት ወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልቶ፣ መሐላቸው ቧንቧ ሰክቶ፣ ጓሮ ውስጥ ነበር የሚታገለው። መንገድ ላይ የሚሮጥ ሰው ካየን ወይ አትሌት ነው፣ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ሌባ እያባረረ ነው። በኅዳር 1994 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ታላቁ ሩጫን ሲጀምር 10 ሺህ ሰው አብሮት ሮጠ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በተወሰኑ እሑዶች መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ይከፈት ጀመር። የልደታ የቆርቆሮ ቤቶች ፈርሰው ፎቅ ሲቆም ጂሙም አብሮ መጣ። ይሄ ሁሉ ደግ ነገር ነው። ስኳርና ደም ግፊት ስንቱን ጎረቤቴን ይዘውት ሄደዋል። እኔም ጠዋት ጠዋት እስከ ጦር ኃይሎች በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁና፣ ስፖርትን የሚያጣጥል ጽሑፍ የጠበቀ ሌላ ገጽ ይግለጥ።

እኔ የማወራው ስለ ሌላ ነገር ነው።

ከእኛ ሕንፃ አንድ ወጣት አለ። በመጀመሪያ ስኳር ተወ፤ እሰየው አልን። ቀጥሎ ዘይት ተወ። ከዚያ ነጭ ዱቄት፣ ከዚያ እንጀራ። ወርቅ ቤት ያለችውን የምትመስል ትንሽ ሚዛን ገዝቶ የሚበላውን ይመዝን ጀመር። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቶ ይሮጣል፤ ከሥራ መልስ ጂም ይገባል። ዝናብ ቢዘንብ፣ ቢታመም፣ ለቅሶ ቢኖር አይቀርም። አንድ ቀን ከቀረ ያን ቀን እራት አይበላም፤ እራት ከበላ ደግሞ በማግስቱ እጥፍ ይሮጣል። እናቱ ግን በሚዛኑም በሩጫውም አልደነገጡም። የደነገጡት ልጁ ጉርሻ እንቢ ያለ ቀን ነው። ጉርሻ እኮ አይመዘንም!

ያለፈው ዓመት ግንቦት ልደታ ለታ እንደ ልማዳችን ግቢ ውስጥ ወጥተን ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ዳቦ ተደፍቶ፣ ቡና ተፈልቶ ተሰባስበናል። የቤተሰቡ የነፍስ አባት ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ቆርሰው ሲያድሉ ልጁ እጁን ሰበሰበ።

"ምነው ልጄ?" አሉት።

"አልበላም አባ።"

"በበዓለ ሃምሳ ማን ጹም አለህ?"

"ጾም አይደለም አባ፤ ካርቦሃይድሬት ነው።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ቄሱ ግን አልሳቁም። ልጁን ትንሽ ዝም ብለው አዩትና፣ "ታዲያ መቼ ነው የምትፈስከው?" ብለው ጠየቁት። መልስ አልነበረውም። ያቺን ጥያቄ ይዤ ነው ወደ መጻሕፍት የሄድኩት።

የሠለጠነው ዓለም ለዚህ ነገር ስም ያወጣለት ቅርብ ጊዜ ነው። ስቲቨን ብራትማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1997 እ.ኤ.አ. በአንድ የዮጋ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ "ኦርቶሬክሲያ" አለው። ቃሉን የሠራው ከግሪክኛ ነው፦ "ኦርቶስ" ቀጥ ያለ፣ ርቱዕ ማለት ሲሆን "ኦሬክሲስ" የምግብ ፍላጎት ነው። ኦርቶዶክስ በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው "ኦርቶ" እሷው ናት። ብራትማን በወጣትነቱ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ በጋራ በሚኖሩ ሰዎች መንደር ምግብ አብሳይና አትክልተኛ ነበር። ያን ጊዜ እያንዳንዱን ጉርሻ 50 ጊዜ ያኝክ እንደነበር ራሱ ጽፏል። ቀኑን ሙሉ የሚያስበው ስለሚበላው ነገር ንጽሕና ነው። ከሌላው ሰው ጋር ማዕድ መቅረብ አስጠላው። አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ይህ ሰው የሚፈራው ውፍረትን ሳይሆን እድፍን ነው። ስለዚህ ነው ሕመሙ ሕመም የማይመስለው። የተበላሸ ነገር አልበላም የሚልን ሰው ማን ይገሥጸዋል? ስሙ እስካሁን በይፋ የአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ውስጥ ራሱን ችሎ አልገባም፤ ሐኪሞች ግን በየክሊኒካቸው ያውቁታል።

የስፖርቱ አባዜ የተገኘው ደግሞ በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። በ1970 እ.ኤ.አ. ፍሬድሪክ ቤክላንድ የተባለ ተመራማሪ ሰው ስፖርት ሲያቋርጥ እንቅልፉ ምን እንደሚሆን ሊያጠና ፈለገ። ለአንድ ወር ስፖርት እንዲያቆሙ ሰዎችን በገንዘብ ቢለምን፣ በየቀኑ ከሚሠሩት መካከል ፈቃደኛ አጣ። ገንዘቡን ቢጨምርም እንቢ አሉት። በመጨረሻ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ብቻ የሚሠሩትን ይዞ ጥናቱን አካሄደ። ገንዘብ እየተሰጠው እረፍት የማይቀበል ሰው፣ ያ ነገር በሌላ ስም ቢጠራ ኖሮ ሱሰኛ እንለው ነበር።

ሁለቱ ለምን አብረው ይሄዳሉ? ለዚህ ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ የአይጦቹ ታሪክ ነው። በ1967 እ.ኤ.አ. ሩተንበርግና ኩዝኔሶፍ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ መገቧቸው። በዚህ ብቻ አይጦቹ አይሞቱም፤ ይለምዱታል። ጎጆአቸው ውስጥ የሚሽከረከር የመሮጫ ጎማ የገባላቸው ግን ሌላ ነገር ሆኑ። በራባቸው መጠን ሩጫ ጨመሩ፤ ሩጫ በጨመሩ መጠን፣ ምግቡ ፊታቸው ቀርቦ ሳለ፣ ከቀን ወደ ቀን የሚበሉት ቀነሰ። ካልተወሰዱ በቀር እየሮጡ ይሞታሉ። አይጥ ኢንስታግራም የላትም፤ መስታወት አታይም፤ ዓርብ ዓርብ ሰርግ አይጠብቃትም። እንግዲህ ነገሩ ከፋሽንና ከከንቱ ውዳሴ በታች የሚሄድ ሥር አለው ማለት ነው። የተራበ እንስሳ ምግብ ፍለጋ መንከራተቱ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን አይቀርም፤ ጎማው ላይ ግን መንከራተቱ የትም አያደርስም።

በሰው ላይስ? ሚኒሶታ ውስጥ አንሰል ኪስ የተባለ ሳይንቲስት በ1944 እ.ኤ.አ. መጨረሻ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው መልምሎ ለስድስት ወር ምግባቸውን በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ በሳምንትም 35 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው እንዲሄዱ አደረገ። ዓላማው በጦርነቱ የተራበውን አውሮፓ እንዴት እንደሚያገግም ለማወቅ ነበር። የክብደታቸው ሩብ ያህል ሄደ። ከዚያ የባሰው አእምሯቸው የሆነው ነው። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስባሉ፣ ሳህን ይልሳሉ፣ አንዲት ቁራሽ ይዘው ሰዓት ይፈጃሉ፣ ሕልማቸውም ወሬያቸውም ምግብ ሆነ። ከሙከራው በፊት ስለ ምግብ ግድ ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። እንዲህ ከሆነ የጎረቤቴ ልጅ ሚዛን ላይ ተደፍቶ የሚውለው ጠባዩ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ረሃቡም ራሱ አእምሮውን ይዞታል። በ2021 እ.ኤ.አ. ቀደምት ጥናቶችን ያሰባሰበ አንድ ሥራም ስፖርት መሥራት በራሱ ከኦርቶሬክሲያ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ እንደሆነ፣ ሱስ ከሆነው ስፖርት ጋር ግን ዝምድናው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። አደጋው ያለው እግሩ ውስጥ ሳይሆን ማቆም አለመቻሉ ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ቄሱ ጥያቄ ልመለስ። መብልን መቀነስና ሰውነትን ማድከም አንድ ላይ ማስኬድ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ጾምና ስግደት እያልን ሁለቱን አጣምረን የምንጠራ ሕዝብ ነን። ለሁሉ የታዘዘው ጾም ሲደመር በዓመት 180 ቀን ያህል፣ ለካህናትና ለመነኮሳት ደግሞ 250 ይደርሳል ይባላል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ብዛት እግራቸው እስኪቆረጥ እንደቆሙ ገድላቸው ይተርካል፤ ሥዕላቸውን ያላየ የለም። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐቢይ ጾም ዳቦ ሳይቀምሱ ቅጠላ ቅጠል በልተው ስለሚሰነብቱ፣ ሌሊቱንም በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቆመው ስለሚያድሩ መነኮሳት በመደነቅ ጽፏል።

ይኸው አልቫሬዝ አንድ ሌላ ነገር ይነግረናል። የአዳሉ ጦር መሪ ማሕፉዝ ለ25 ዓመት ያህል በክርስቲያኑ ምድር ላይ የሚዘምተው በዐቢይ ጾም ወቅት ነበር ይላል፤ ሰዉ በጾም ደክሞ ዘንግ ማንሳት የሚያቅተው ያን ጊዜ ነውና። ካሎሪ የሚባል ነገር ሳይሰማ ስሌቱን ያወቀ የጦር አበጋዝ! እስከ 1517 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ በዓፄ ልብነ ድንግል ዘመን እስኪገደል ድረስ በዚህ ብልሃት ሠርቶበታል። ጾም ጉልበት እንደሚወስድ አባቶቻችን አያውቁም ነበር የሚል ካለ ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈልጋል?

ስለሚያውቁም ነው አጥር ያጠሩለት። እኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገርመኝ የጾሙ ክብደት ሳይሆን የአጥሩ ጥንካሬ ነው። ጸሎተ ሃይማኖትን የሠራው የኒቅያ ጉባኤ በ325 እ.ኤ.አ. ስለ ጉልበትም ደንግጓል፦ እሑድና በበዓለ ሃምሳ ሰው ተንበርክኮ ሳይሆን ቆሞ እንዲጸልይ። ከጥቂት ዓሥርት ዓመታት በኋላ በታናሽ እስያ ጋንግራ ላይ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ደግሞ ሥጋ የሚበላውን የሚኮንን፣ ተባሕትዎ ነው ብሎ በእሑድ የሚጾም የተወገዘ ይሁን አሉ። ያወገዙት የሰባስትያውን ኤውስታቴዎስን ተከታዮች ነው (ከእኛው አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ጋር እንዳይምታታ)። እነዚያ ሰዎች ጥፋታቸው አለመጾም አልነበረም። ከታዘዘው በላይ፣ ባልታዘዘው ቀን፣ ሌላውን እየናቁ መጾማቸው ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም 15ኛውን አንቀጽ ለጾም ሰጥቶ መቼ እንደሚጾም ብቻ ሳይሆን መቼ እንደማይጾም ይናገራል።

ከመጽሐፉ ይልቅ ግን ልምዱ ያስተምራል። የስቅለት ዕለት ልደታ ማርያም የሄደ ሰው ያውቀዋል። ምእመኑ ሲሰግድ ውሎ ወደ ካህኑ ይቀርባል፤ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጠብ ጠብ አድርጎ የስግደት ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩን የሚሰጠው ሌላ ሰው ነው። ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ ሕፃን፣ ሕመምተኛ ሲቀርብ ቁጥሩ ይቀነሳል ወይም ይቀራል። ቅዳሜ ሌሊት ደግሞ ዶሮ ሲጮህ ነገሩ ያበቃል። ያበቃል ብቻ ሳይሆን መብላት ግዴታ ይሆናል፤ ለ50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ጾሙ በፊቱ ቅበላ አለው፣ በኋላው ፋሲካ አለው። መጾም የፈለገ ሁሉ በፈለገው ቀን ተነስቶ የሚገባበት በር የለውም።

የጎረቤቴ ልጅ ቁጥር የሚቀበለው ከእጅ ሰዓቱ ነው። "በቀን 10 ሺህ እርምጃ" የሚለው ታዋቂ ቁጥር ራሱ ከሕክምና የመጣ እንዳይመስለን። በ1965 እ.ኤ.አ. አንድ የጃፓን ድርጅት "ማንፖ ኬይ" ብሎ የሸጠው መቁጠሪያ ስም ነው፤ ትርጉሙም የ10 ሺህ እርምጃ መቁጠሪያ ማለት ነው። የንግድ ስም የነበረው ቀኖና ሆኖ ቀረ። ሰዓቱ 10 ሺሁን ስትሞላለት ርችት ያሳይሃል፤ ነገ ደግሞ 12 ሺህ ይልሃል። አራስ ነህ ወይ፣ ታመሃል ወይ፣ ተርበሃል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለውም። ፋሲካም የለውም።

እዚህ ላይ ቆሜ "ስለዚህ ወደ ጥንቱ እንመለስ" ብል አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። አጥሩ የሚፈርስበት ጊዜ አለና። የሲዬናዋ ካትሪን በ14ኛው መቶ ዓመት በጣልያን ከተከበሩ ቅዱሳት አንዷ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምራ መብል እየቀነሰች ሄዳ በመጨረሻ ምግብ ከሆዷ አልረጋም አላት። የነፍስ አባቷ እንድትበላ አዘዟት፤ አልቻለችም። በ1380 እ.ኤ.አ. በ33 ዓመቷ አረፈች። ትእዛዝ የሚሠራው የታዘዘው ሰው መፈጸም እስከቻለ ድረስ ነው፤ ካለፈ በኋላ ሐኪምም ያስፈልጋል። በእኛም አገር አንድ ሌላ ችግር አለ። ጾም የተከበረ ስለሆነ መደበቂያ ይሆናል። ማዕድ የሸሸ ልጅ "ጾም ላይ ነኝ" ካለ እናት ትመርቀዋለች እንጂ አትመረምረውም። ብዙዎቻችን ስንከሳ ለማየት የተማርነው ረሃብን፣ ሳንባንና ኤች አይ ቪን ነው። ምግብ ሞልቶ ሳለ ሰው በገዛ ሥርዓቱ ሊራብ ይችላል የሚለው በጭንቅላታችን ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም።

የእሱ ነገር የታወቀው በሰኔ ነው። የግራ እግሩ አናት ላይ ሕመም ጀመረው። እየሮጠበት ሦስት ሳምንት ቆየ። በመጨረሻ ሲታይ አጥንቱ ተሰንጥቋል። ሳይወድቅ፣ ሳይመታ አጥንት እንዴት ይሰነጠቃል? የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሐኪሞች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሰነድ ይህን አስረድተዋል፦ ሰውነት ለስፖርቱ የሚያወጣውን ያህል ምግብ ካላገኘ ከሌላው ሥራው መቆጠብ ይጀምራል። የሴቷ የወር አበባ ይቋረጣል፣ የወንዱ ሆርሞን ይቀንሳል፣ አጥንት መታደሱን ያቆማል፣ ልብ ይዘገያል። ቀድሞ የሴት አትሌቶች ችግር ብቻ ይመስል ነበር፤ ወንዶችንም እንደሚይዝ የተነገረው ያን ጊዜ ነው።

እግሩ በጄሶ ታሰረ። በሦስተኛው ቀን እናቱ እኔ ቤት መጡና ሳይቀመጡ፣ "ወንድም ዓለም፣ አልጋው ላይ ተንጠልጥሎ በክንዱ ፑሽ አፕ እየሠራ አገኘሁት" አሉኝ። የሚያክመው ሐኪም የአእምሮ ሐኪም ያማክር ብሏቸዋል። "አማኑኤል ልውሰደው ነው የምትለኝ? ልጄ እኮ አላበደም!" ብለው አለቀሱ። ያልኳቸውን ያህል አልኳቸው። በኋላ ሄደዋል፤ አንዴ ብቻቸውን፣ ከዚያ ከልጁ ጋር። ሲመለሱ በሳምንት ሁለቴ የሚያገኘው ሐኪምና የማይመዘን ቁርስ ታዘዘለት። ሚዛኗን እናትየው ወስደው ቡና ይመዝኑባት ጀመር።

ነሐሴ ገባ። ፍልሰታን ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስቀድሶ እየቆረበ የሚጾማት ናት። የነፍስ አባቱ ቤት ድረስ መጥተው፣ "ዘንድሮ አንተ ሕመምተኛ ነህ፤ አትጾምም" አሉት። ተቆጣ። ጂሙን ስንከለክለው ያልተቆጣውን ያህል ተቆጣ። ሰው ምን ይለኛል አለ። ቄሱም "ንገራቸው፤ እኔ ነኝ ያዘዝኩት በላቸው" ብለውት ሄዱ።

በማግስቱ ጠዋት እናቱ፣ ልጆቻቸው ካደጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በፍልሰታ እንቁላል ጠበሱ። መስኮቱን ዘግተው፣ በሩ ሥር ጨርቅ ወትፈው ነበር። ሽታው ግን እኔ ቤት ድረስ መጣ።